ጋሽ ይመር በር ላይ የምትጠፋው ሞተር

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። ብዙ ሰው ወጉን ጀምሮ፣ ሰው አስቆ፣ መጨረሻ ላይ ጥፋቱን በሌላ ሰው አላክኮ ይነሳል። እኔ እንደዚያ አላደርግም። ቤንዚኑን ያስመጣሁት እኔ፣ ያበላሸሁት እኔ፣ ወሬውንም ያወራሁት እኔ ነኝ። ሞተሯም የእኔው ናት። በዚህ ሁሉ ውስጥ የእኔ ያልሆነው ነገር የአንድ ሽማግሌ ዓይን ብቻ ነው።

መካነ ሰላም ውስጥ የትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ነበርኩ። ሱፐርቫይዘር ማለት በዚያ ዘመን በየገጠሩ ትምህርት ቤት እየዞረ ቅጽ የሚሞላ፣ የሞላውን ቅጽ ደግሞ ሌላ ቅጽ ላይ የሚገለብጥ ሰው ነው። ስብሰባው፣ ግምገማውና አንድ ለአምስቱ ፋታ ሲሰጡኝ ሥልጠና እሰጣለሁ። ሥልጠናው ስለ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ነበር። “ቡዳ የሚባል ነገር የለም፤ ሰው በዓይኑ ሰው አይበላም” የሚለውን ዓረፍተ ነገር ትልቁ ወረቀት ላይ በቀይ የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ጽፌም አልቀረሁ፣ ሰልጣኞቹን ሦስት ጊዜ በአንድ ድምፅ አስደግሜያቸዋለሁ።

ሞተር ሳይክሌን ከአክስቴ ልጅ የገዛኋት ነች። ቀይ ናት ብሎ ነው የሸጠልኝ፤ እኔም አምኜዋለሁ። ከዕድሜዋ በቀር ነውር አልነበረባትም። ችግሩ ቤንዚን ነበር። ያኔ ከተማችን ውስጥ ማደያ ስላልነበረ ቤንዚን የምንገዛው መንገድ ዳር በውሃ ፕላስቲክ ተደርድሮ ነው። ሻጮቹ ላምባ ይቀላቅሉበታል ተብሎ ይታማል። እኔ ደግሞ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የታማ ነገር ሞተሬ ሆድ ውስጥ አይገባም አልኩና ንጹሕ ቤንዚን ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ሹፌር አስመጣሁ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

ሹፌሩ ቢጫውን ጀሪካን እያወረደ፣ “የአሁኑ ቤንዚን ኢታኖል የሚሉት አለበት፤ ከስኳር ፋብሪካ የሚወጣ አልኮል ነው። ብዙ አታቆየው፣ በደንብ ክደነው” አለኝ።

ነገሩን በሬዲዮም ሰምቼው ነበር። “አልኮል ካለበት ጥሩ ነው፤ በዚህ ብርድ ትሞቃለች” ብዬ ሳቅኩ። ሹፌሩ አልሳቀም። አንዳንድ ሰው ቀልድ አይገባውም ብዬ አዘንኩለት።

ክደነው ያለኝን ክዳን መንገድ ላይ ጥሎት ስለመጣ ጀሪካኑ አፉ ባዶ ነበር። አገሬው ክዳን ለጠፋበት ዕቃ ሁሉ የሚያውቀው አንድ መድኃኒት አለ፤ የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው። ለቅቤ ቅል፣ ለአረቄ ጠርሙስ፣ ለዘይት ጀሪካን፣ ለሁሉም እሱ ነው። እኔም ደህና ቆረቆንዳ መርጬ ወተፍኩትና ጀሪካኑን ጓሮ፣ ጣራው የሚያፈሰው ጠፈጠፍ አጠገብ አስቀመጥኩት። ወሩ ሐምሌ ነበር። የመካነ ሰላምን ሐምሌ የማታውቁ ካላችሁ፣ ጉሙ ሳያንኳኳ ቤት ይገባል፤ ጨው በዕቃው ውስጥ ይቀልጣል፤ ግድግዳ ያለቅሳል። በዚያ ሁሉ ብርድና እርጥበት መካከል የእኔ ቤንዚን በቆረቆንዳ እየተነፈሰ አንድ ወር ከረመ።

በነሐሴ መጀመሪያ ሞተሬን ሞላኋትና ወደ ገጠር ተነሳሁ።

ከከተማው በኛ በኩል ሲወጣ አንድ አቀበት አለ። ሌሎቹ መንገዶች ዳገት ቢሆኑም ሰውነት አላቸው፤ ይሄኛው ግን ፊት ለፊት ግድግዳ ነው። ከአቀበቱ ወገብ ላይ፣ መንገዱ ሲብስ፣ የጋሽ ይመር በር ይገኛል። ጋሽ ይመር ቀጥቃጭ ናቸው። ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ የሚሠሩ ባለእጅ። ባለእጅ ሲባል በአገራችን ምን እንደሚወራ ታውቃላችሁ። ማረሻቸውን ገዝቶ ያረሰ ሰው ሁሉ፣ እንጀራውን እየበላ፣ ዓይናቸውን ይፈራል።

ያን ቀን ጉሙ የሞተሬን ጎማ እንኳ አያሳይም ነበር። አቀበቱን በአንደኛ ማርሽ ተያያዝኩት። ከጉሙ ውስጥ የመዶሻ ድምፅ ይሰማኛል። ልክ የጋሽ ይመር በር ላይ ስደርስ ሞተሬ አንድ ጊዜ አሳላት፣ ሁለተኛ አሳላት፣ ጠፋች። እሷ ስትጠፋ መዶሻውም ቆመ። ምንም ድምፅ የለም። ከዚያ ዝምታ ውስጥ በሩ ሲጥጥ ብሎ ተከፈተና ጋሽ ይመር ብቅ አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል። ዕድሜውን ሙሉ እሳት ፊት የተቀመጠ ሰው ዓይኑ ሊነጣ አይችልም፤ ይህን ግን የማስበው ዛሬ ነው። ያን ጊዜ ያሰብኩትን አልነግራችሁም።

“ምነው ልጄ፣ ደከመች?” አሉኝ።

“ቀዝቅዟት ነው” አልኩ።

ሞተሬን ዙሪያዋን ዞረው አዩዋት። በእጃቸው አልነኳትም። ዝም ብለው ነው ያዩዋት። “አጃኢብ ነው የሰው ሥራ” ብለው ራሳቸውን ነቀነቁና ከኋላ ገፉልኝ። አቀበቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንደርስ ደጋግሜ ረገጥኳት፤ ተንፈቅፍቃ ተነሳች።

በማግስቱም እዚያው በር ላይ ጠፋች። በሦስተኛው ቀን እዚያው፣ ከበራቸው ፊት ካለው ድንጋይ አንድ እርምጃ ሳትዘል ጠፋች። ወደ ከተማ ስመለስ፣ ቁልቁለቱን፣ ምንም አትሆንም። ሜዳ ላይ እንደ ሙሽራ በቅሎ ትሰግራለች። ስወጣ ብቻ፣ እዚያ በር ላይ ብቻ፣ ትሞታለች።

እንግዲህ እኔ ሳይንስ የተማርኩ ሰው ነኝና ነገሩን በጥናት ያዝኩት። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወጣሁ፤ ጠፋች። አንድ ቀን በኃይል አስነስቼ ወጣሁ፤ ጠፋች። አንድ ቀን ዓይኔን ጨፍኜ ልለፍ ብዬ ቦይ ውስጥ ገባሁ፤ እዚያም ሆና ጠፋች። አንድ ቀን ጋሽ ይመር ገበያ መሄዳቸውን አጣርቼ ወጣሁ። በሩ ዝግ ነው፤ መዶሻው አይሰማም። ሞተሬ ጠፋች። ደስ ብሎኝ፣ እሳቸው የሉም፣ ነገሩ የእሳቸው አይደለም ልል ስል ከአጥሩ ወዲያ ሳል ሰማሁ። ጉንፋን ይዟቸው ሳይሄዱ ቀርተዋል። በአጥሩ ቀዳዳ አንዲት ቀይ ዓይን ታየችኝ። “ዛሬም?” አሉኝ በሐዘኔታ። ከዚያ ቀን በኋላ ጥናቴን ዘጋሁት።

አንድ ጊዜ ደግሞ ብልጠት አምሮኝ፣ እዚያ ደርሳ ከምትጠፋብኝ እኔው ራሴ ላጥፋትና በክብር ገፍቼ ልለፍ አልኩ። በሩ ሳይደርስ ቆምኩ፣ ቁልፉን አዙሬ ነቀልኩት። አልጠፋችም። ቁልፉ መዳፌ ላይ ተቀምጦ፣ ሞተሬ ግን ግር፣ ግር፣ ግር እያለች ትንቀጠቀጣለች። የከተማችን መካኒክ በኋላ ሲነግረኝ፣ ሞተር ከልክ በላይ ሲግል ቁልፉ ተነቅሎም ጥቂት ይሠራል አለኝ። ያን ጊዜ ግን ይህን ማን ነገረኝ? በቀን ብርሃን፣ በሰው መንገድ ላይ ቆሜ ቁልፉን መልሼ ሰካሁት፣ መልሼ ነቀልኩት። ጥቂት አጓርታ ስትጠፋ ጋሽ ይመር በራቸው ላይ ቆመው ነበር።

ዝም ብል ኖሮ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። እኔ ግን ጥሩ ወሬ ይዞ ዝም ማለት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ቢሮ ገብቼ አወራሁት። እንደ ቀልድ ነው ያወራሁት፤ ይህን በእውነት ነው የምላችሁ። የሞተሯን ሳል እያስመሰልኩ፣ በአጥሩ ቀዳዳ የታየችውን ዓይን በጣቶቼ እየሠራሁ፣ ቢሮውን ሁሉ በሳቅ ጣልኩት። እንደዚያ ቀን ተሰምቼ አላውቅም። በግምገማ ላይ እንኳ እንዲያ አልተጨበጨበልኝም።

ባልደረባዬ አያሌው ብቻ አልሳቀም። እሱም ሞተር አለው። ከዚያ ሳምንት በፊት ቤንዚን አልቆበት ከዚያው ከጀሪካኔ ሁለት ሊትር ሰጥቼው ነበር። “የኔዋም እኮ ትናንት እዚያው ጠፋችብኝ፤ አፍሬ ነው ያልተናገርኩ” አለ።

የሳቀው ሁሉ ወንበሩን ወደ አያሌው አስጠጋ። የሁለታችንም ሞተር ሆድ ውስጥ ያለው ቤንዚን አንድ መሆኑን ከስምንት ዲግሪና ዲፕሎማ ያዥ መካከል ያሰበ አንድም አልተገኘም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ያወራሁት ስለ ሁለት ሞተር ነበር፤ ገበያ ወጥቶ ሲመለስልኝ አንዲት ላም ነጥፋለች፣ አንዲት ሙሽራ አሟታል፣ የአንድ ሰው በግ ቆሞ እያመሰኳ ወድቋል። “ብረት የሚበላ ቡዳ ከሆነማ ሥጋን እንዴት አድርጎ ሊምረው ነው?” ይላል አውሪው። ለእኔው መልሶ ነው የሚያወራልኝ። ያልኩት እንደዚያ አይደለም እንዳልል፣ ስለ ወሬው ያለኝ ሥልጣን እዚያ ቢሮ ውስጥ ቀርቷል። ሰው በዚያ አቀበት ሲያልፍ ልጁን በነጠላ መሸፈን ጀመረ።

እኔ ደግሞ መፍትሔ ፍለጋ ገባሁ። መጀመሪያ መካኒኩ ዘንድ ሄድኩ፤ ተሾመ ይባላል። ሜዳ ላይ አስነስቶ ወዲያ ወዲህ ነዳትና “ምንም የላትም፤ አንተን ነው መታየት ያለብህ” ብሎ መለሰኝ። ቀጥዬ ጎረቤቴ ሼህ እንድሪስ ጋ ሄድኩ። ልጆች ሰብስበው ቁርዓን የሚያስቀሩ፣ ጨዋታ የሚወዱ ሰው ናቸው። ቤንዚኑ አልኮል እንዳለበትም ሳልደብቅ ነገርኳቸው፤ ሐራም ገብቶባት ይሆናል ብዬ ነው።

“እሷ ትጠጣው፤ አንተ አትጠጣው እንጅ” ብለው ሳቁ። ቀጥለው ግን ፊቴን አዩና “አብሽር” አሉኝ። ዱዓ አድርገው በትንሽ ጠርሙስ ውሃ ሰጡኝ። “ይችን ጠብ ጠብ አርግባት፤ ዋናው ግን ልብህ ይረጋጋ” አሉ።

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ እንደ መቅናት አለችና ከደብሩ ጠበል አስመጣች። እሷም ያለችው ርጭ አርግባት ነው። ሁለቱም በላይዋ ማለታቸው ነበር። እኔ ግን የታመመችው ውስጧን ነው ብዬ ሁለቱንም፣ የተረፈ ሳላስቀር፣ ሳልባትዮዋ ውስጥ፣ ቤንዚኑ ላይ ገለበጥኩት። ሞተሬ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሁለት ሃይማኖት ተጸልዮላት በማግስቱ ግቢያችን ውስጥ እንዳለች አልነሳም አለች። ከባለቤቴ ጋር ተያየን። “እዚህ ድረስ ደርሷል ማለት ነው” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን ፈራሁ። በቀይ የጻፍኩት ወረቀት ቁም ሣጥኑ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ እኔ ደግሞ የመስኮቱን መጋረጃ እየዘጋሁ ነው።

በሳምንቱ ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ይመር ነበሩ። ጋቢያቸውን ግንባራቸው ድረስ ስበውታል፤ ሲያናግሩኝ መሬት መሬት ነው የሚያዩት። ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ።

“ልጄ፣ አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ አንዲት ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁ” አሉኝ። “ልጄ ዘሃራ አጅባር ነው የተዳረች። አሁን ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለድ፤ እናቷ የገንፎውን እህል አስፈጭታ፣ ቅቤውን አንጥራ ትጠብቃለች። እንድትመጣ ብንልክ አማቾቿ እዚሁ ትውለድ አሉ። ለምን ብንል መልክተኛው አንገቱን ደፋ።”

ወሬው በአውቶቡስ ተሳፍሮ አጅባር ደርሷል።

“ላንተ ቂም የለኝም፣ ወላሂ” አሉ። “እውነቱን ንገረኝ ብዬ ነው። እኔ ነኝ ወይ ሞተርህን የማጠፋት?”

“ኧረ ጋሽ ይመር፣ እንዴት እንደዚያ ያስባሉ?”

“አስቤ አላውቅም ነበር። አሁን ነው የማስብ። ሞተርህን ሳያት ደስ ይለኛል፤ ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ብረት ሠራ እላለሁ። ቡዳም የወደደውን ነው የሚበላ ይላሉ።” ጋቢያቸውን የበለጠ ሳቡት። “የፊተኛው ልጄ እቅፌ ላይ ነው ያረፈ። ዓይን ዓይኑን እያየሁት ነበር። አሏህ የሰጠውን ወሰደ ብዬ እስከ ዛሬ ኖርኩ። ሰሞኑን ግን፣ እኔ ባላየው ኖሮስ እላለሁ።”

ቡዳ የሚባል ነገር የለም የምትለውን ዓረፍተ ነገር ስንትና ስንት ሰው አስደግሜያታለሁ። ያን ዕለት ግን ከአፌ አልወጣ አለች። ያልወጣችው ስላላመንኩባት ይሁን ወይም ስላፈርኩ ዛሬም አላውቅም። ጋሽ ይመር ጥቂት ጠብቀው፣ “ደህና ዋል” ብለው ሄዱ። ግቢዬን እስኪወጡ ቀና ብለው ምንም ነገር አላዩም፤ ደጄ ላይ ያለችውን ዶሮ እንኳ ዞረዋት ሄዱ።

ሞተሬን እየገፋሁ ተሾመ ጋ ሄድኩ። “ዛሬ ሳትፈታት አልሄድም” አልኩት። ፊቴን አይቶ አልቀለደም።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ አለና ከታች ጀመረ። ቤንዚን የሚወስደውን ላስቲክ ሲነካው እንደ ተቀቀለ መኮረኒ ለስልሶ እጁ ላይ ቀረ። የሳልባትዮዋን ሆድ በውሃ ፕላስቲክ ገለበጠው፤ ለፀሐይ አንስቶ አሳየኝ። ፕላስቲኩ ውስጥ ሁለት ነገር ተኝቷል። ከላይ ቢጫ፣ ከታች ደመና የመሰለ ነጭ። ናጠው፤ ተቀላቀለ። ጥቂት ቆይቶ ያ ነጩ ነገር ቀስ እያለ፣ ማንም ሳያዘው፣ ወደ ታች ወረደና ተኛ።

“አልኮል ውሃ ይወዳል” አለኝ ተሾመ። “እርጥበት ባገኘ ቁጥር ይጠጣል። ሲበዛበት ቤንዚኑን ትቶ ከውሃው ጋር ሥር ይተኛል። ሜዳ ላይ ስትሆን ሞተሯ ከላይ ያለውን ደህናውን ትስባለች፤ አቀበት ስትይዝ ውሃው ወደ ኋላ ይንሸራተትና ማውጫው አፍ ላይ ይደርሳል። ዳገቱ የሚብስበት ቦታ ላይ ውሃ ነው የምታጠጣት።” ፕላስቲኩን እንደገና ተመለከተና፣ “ግን ይሄ ሁሉ ውሃ የጉም ብቻ አይደለም። ስንት ጊዜ ነው ያጠመቅካት?” አለኝ።

ነገርኩት። መፍቻውን አስቀምጦ እስኪበቃው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ ጋሽ ይመር ትዝ አሉኝና አቆምኩ።

ሞተሬ ታጠበች፣ ላስቲኳ ተቀየረ፣ የመንገድ ዳሩ የታማ ቤንዚን ተሞላላት። የአያሌውንም እንደዚያው አደረግን። እኔ ደግሞ በልቤ የዘጋሁትን ጥናት ከፈትኩት። ወሬው በአደባባይ እንደተወራ በአደባባይ ይፍረስ አልኩ። በገበያ ቀን፣ ሰዉ በአቀበቱ ሲወርድ፣ ያን ፕላስቲክ ይዤ ጋሽ ይመር በር ላይ ቆምኩ። ከአጅባር የመጣ የዘሃራ ባል አጎት ገበያ ውስጥ ስለነበረ እሱንም ለምኜ አመጣሁት። ሰው ሲበዛ ፕላስቲኩን ከፍ አድርጌ ስለ አልኮልና ስለ ውሃ አስረዳሁ። ያን ቀን ያሠለጠንኩትን ያህል ከልቤ አሠልጥኜ አላውቅም። ስጨርስ አንዲት ባልቴት ቀረብ ብለው፣ “ይኸ የማን ጠበል ነው? ለጨጓራ ይሆናል?” አሉኝ።

ጋሽ ይመርን ጠራኋቸው። አልመጣም ብለው ነበር፤ ባለቤታቸው እጃቸውን ይዘው አወጧቸው። “ሞተሯ በአቀበቱ ስትመጣ እርስዎ ዓይንዎን ሳይነቅሉ ይዩዋት፤ ሌላ ምንም አልፈልግም” አልኳቸው።

ሕዝቡን በጋቢያቸው ጥላ ውስጥ ሆነው ቃኙት።

“ብትጠፋ በዓይኑ በላት ትላላችሁ፤ ባትጠፋ አውፍ አላት፣ ማራት ትላላችሁ። ከሁለቱ የቱን ላድርግላችሁ?” አሉ።

እኔ ፈጥኜ ሞተሬ ወደቆመችበት ወደ ታች ወረድኩ፤ ማሰብ አልፈለግኩም። አስነስቼ አቀበቱን ስይዝ ከወዲያ የቆመው ሰው ሁሉ ድምፁ ጠፋ። ጋሽ ይመር ጋቢያቸውን ከግንባራቸው ገፈው፣ ድንጋዩ አጠገብ ቆመው ያዩኛል። ድንጋዩ ጋ ደረስኩ። ስለ አልኮሉ አውቃለሁ፣ ስለ ውሃው አውቃለሁ፤ ላቤ ግን በጀርባዬ ይወርዳል። አለፍኩ። ሞተሬ አንድ ጊዜ እንኳ አላሳላትም። ሜዳው ላይ ወጥቼ ዞር ስል፣ የማሸነፌ እልልታ ይጠብቀኛል ብዬ ነበር።

“አውፍ አላት” አሉ ባልቴቷ።

“አውፍ አላት፤ አሏህ ይስጠው” አለ ሌላው። ከዚያ ሁሉም አለ። የአጅባሩ ሰው የጋሽ ይመርን ትከሻ እየሳመ ዘሃራን ሰሞኑን እናመጣታለን ይላል። ስላስቀየምንዎ የሚወለደውን ልጅ በክፉ ዓይን እንዳያዩብን ብሎም ይለምናል። እኔ ፕላስቲኬን ይዤ በየሰው መካከል “ውሃው እኮ ነው፣ ይኸውላችሁ” እያልኩ ዞርኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ያን ቀን ሞኙም ወረቀቱም እኔ ነበርኩ። ጋሽ ይመር ጋቢያቸውን መልሰው ግንባራቸው ላይ ሳቡና ገቡ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አቀበት የሚያልፍ ሞተረኛ ሁሉ በሩ ላይ ሲደርስ ቀስ ይላል፤ “እንዴት አደሩ ጋሽ ይመር” ይላል። አያሌው ይወርዳል። ለራሴ ሳይታወቀኝ እኔም መውረድ ጀምሬያለሁ። ምክንያቱን ብትጠይቁኝ ለአክብሮት ነው እላለሁ።

ዘሃራ መጣች፤ ወንድ ልጅ ወለደች። እንኳን ደስ ያላችሁ ልል ሄድኩ። አራሷ ቤት ገብቼ ሕፃኑን አየሁት፤ ገንፎ በላሁ፤ መረቅሁ። ስወጣ ጋሽ ይመር መሥሪያቸው ውስጥ፣ ለእሳቱ ፊታቸውን ሰጥተው፣ ለቤቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። እንኳን ደስ ያለዎት አልኳቸው።

“አየኸው?” አሉኝ ሳይዞሩ።

“አየሁት፤ ደህና ነው፣ ጠንካራ ነው። እርስዎስ?”

“እኔ አላይም” አሉ። “አሥራ አንድ ቀኑ ነው። እናቱ ይዛው ስትወጣ በዚያ በኩል ዙሪ እላታለሁ።”

ስለ ቤንዚኑ ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ስለ ቤንዚኑ ሁሉን ነገር ነግሬያቸዋለሁ፤ ፕላስቲኩን በእጃቸው ይዘው አይተውታል፤ ገብቷቸዋልም። ማረሻውን ከእሳቱ አወጡት፣ አገላበጡት፣ መልሰው ከተቱት።

“ማንን ይመስላል?” አሉኝ።

“እርስዎን ነው የሚመስል።”

ደስ ያላቸው መሰለኝ፤ ትከሻቸው ትንሽ ቀና አለ። ከዚያ በቀስታ፣ “ዓይኑስ?” ብለው ጠየቁኝ።

ሕፃኑ እኔ ሳየው ነቅቶ ነበር። ትክ ብሎ ነው ያየኝ፤ አያቱ ሞተሬን እንዳዩዋት።

“የአባቱ ነው፤ ዓይኑ ቁርጥ የአጅባር ሰው ነው” አልኳቸው።

“አልሐምዱሊላህ” አሉ ጋሽ ይመር።